ሂት ማፑ ሁሌ መሃሉ ላይ ይቀላል፤ አይ ትራከር በላንድስኬፕ ስቱዲዮ

አዌቱ_ዳር (ጅማ)

ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ ጅማ 32 የላንድስኬፕ ዲዛይን ተማሪዎች አሉኝ፤ የዘንድሮው ፕሮጀክት የአዌቱ ወንዝ ዳር የእግረኛ መንገድ ነው። ስክሪን ሥር የሚገጠም ባለ 60 ኸርዝ አይ ትራከር (ዓይን የት እንደሚያይ በሰከንድ 60 ጊዜ የሚመዘግብ መሣሪያ) አለን። ተማሪው የነደፈውን ሌላ ሰው ሲያየው ዓይኑ የት እንደሚያርፍ እንዲረዳ ነው ዓላማው። ግን በየትኛውም ምስል ላይ ሂት ማፑ (ዓይን በብዛት ያረፈበትን በቀይ የሚያሳየው ካርታ) መሃሉን አቅልቶ ይወጣል፤ ዛፉን ወደ ዳር ቢወስዱትም ያው ነው። ከአራት ተመልካች አንዱ ደግሞ ካሊብሬሽን (መሣሪያውን ከሰውየው ዓይን ጋር ማስተካከያውን) አያልፍም። የሦስት ሰዓቱን ክፍለ ጊዜ እንዴት ልከፋፍለው? ወንዙ ዳር ወርዶ መሥራትስ ይቻላል?

ዋንዛ_ጥላ

ጤና ይስጥልኝ መምህር። መሃሉን የሚያቀላው አብዛኛውን ጊዜ ዲዛይኑ ሳይሆን አቀራረቡ ነው። ከምስሉ በፊት የመስቀል ምልክት መሃል ላይ ካስቀመጡ፣ ምስሉ ሲከፈት ዓይን ቀድሞውኑ እዚያ ነው። ሰው ስክሪን ሲያይ ደግሞ በልማድ ከመሃል ይጀምራል። ምልክቱን አንዴ ግራ፣ አንዴ ቀኝ ዳር ያድርጉት፤ የመጀመሪያዋን ማረፊያ ከስሌት ያውጧት። ለግማሾቹ ተመልካቾች ምስሉን እንደ መስታወት ግራና ቀኙን ገልብጠው ያሳዩ። ቅላቱ ከዛፉ ጋር አብሮ ከዞረ ዛፉ ነው የሳበው፤ ቦታውን ካልለቀቀ የስክሪኑ ልማድ ነው።

ምስሎቹ ላይ ሰው፣ ባጃጅ ወይም ጽሑፍ ያለበት ሰሌዳ ካለ ዓይን መጀመሪያ እነሱን ይይዛል። ተማሪው «ድንጋይ ንጣፌ አልታየም» ብሎ ቢያዝን ጥፋቱ የንጣፉ ላይሆን ይችላል። አሁን ያለውን ቦታ በፎቶ፣ የታቀደውን በሬንደር (በኮምፒውተር በተሠራ ምስል) አሳይቶ ማወዳደርም አይሠራም፤ ሬንደሩ ጠርዙ ስለት፣ ቀለሙ ደማቅ ስለሆነ ብቻ ይስባል። ሁለቱንም በአንድ ዓይነት ሬንደር፣ ከ1.5 እስከ 1.6 ሜትር በሆነ የዓይን ከፍታ፣ በአንድ ዓይነት ብርሃን ያዘጋጁ።

ለተመልካቹ የሚሰጠው ጥያቄም ወሳኝ ነው። የዓይን እንቅስቃሴ ተመራማሪው ያርቡስ በ1960ዎቹ በታተመው ሥራው ያሳየው ይህንኑ ነበር፦ አንዱን ሥዕል ለአንድ ሰው በተለያየ ጥያቄ ሲያሳየው የዓይኑ ዱካ ተለዋወጠ። «ዝም ብለህ እይ» እና «አረፍ የምትልበትን ፈልግ» ሁለት የተለያዩ ሂት ማፖች ይሰጣሉ። ስለዚህ ጥያቄው ተጽፎ ለሁሉም ያለ ለውጥ ይነበብ።

ካሊብሬሽን_9

ካሊብሬሽን ላይ ላተኩር። ወንበሩ ጎማ ያለው ከሆነ ይቀይሩት፤ ሰው ሳያውቀው ወደ ኋላ ይንሸራተታል። ዓይን ከስክሪን ከ60 እስከ 65 ሳንቲ ሜትር ይራቅ። የመስኮት ፀሐይ ኢንፍራሬድ (ለዓይን የማይታይ ብርሃን) ስላለው መሣሪያው የሚረጨውን ያንኑ ዓይነት ብርሃን ይውጠዋል፤ መጋረጃ ይዝጉ። የድሮው ባለ ሽቦ አምፖልም ይኸው ጠባይ አለው፤ ኤልኢዲ ይሻላል።

የሚያልፈውንና የማያልፈውን ሰው ስም ሳይሆን ፊቱን ይመዝግቡ፦ መነፅር፣ የተኳለ ዓይን፣ ወደ ታች የወረደ ቆብ። መሣሪያው በካሜራው ምስል ላይ የሚፈልገው ጥቁር ክብ ብሌን ነው፤ ኩልም ጥቁር ሆኖ ስለሚታየው ያምታታዋል። ከቀጠሮው በፊት ማሳወቅ ይበቃል። መነፅር የሚያንጸባርቅ ከሆነ ስክሪኑን ትንሽ ያጋድሙት ወይም መነፅሩን በአፍንጫ ላይ ትንሽ ከፍ ያድርጉት። የዓይናችን ቡናማነት ግን ችግር አይደለም፤ በኢንፍራሬድ ቡናማው ይፈካል፣ ብሌኑ ጥቁር እንደሆነ ይቀራል።

በ9 ነጥብ ካሊብሬት ያድርጉ፣ ከዚያ በሌሎች ነጥቦች ያረጋግጡ። ስህተቱ ከ1 ዲግሪ ከበለጠ ይድገሙ፤ ሁለት ጊዜ ካልሆነ ያንን ሰው ያመስግኑና ይተዉ። በ60 ሳንቲ ሜትር 1 ዲግሪ ማለት ስክሪን ላይ 1 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። እንግዲህ ተማሪው በ5 ሚሊ ሜትር የሣላትን የመብራት ምሰሶ «አዩ፣ አላዩም» ብሎ መከራከር አይችልም። የሚለካው ክልል ቢያንስ 2 ሳንቲ ሜትር ይሁን።

ዋንዛ_ጥላ

ጊዜውን በተመለከተ፦ 32ቱን በ8 ቡድን፣ 4 በ4። ከሁሉም በፊት፣ መሣሪያው ሳይከፈት፣ እያንዳንዱ ቡድን የምስሉን የወረቀት ኅትመት ይዞ ዓይን ያርፍባቸዋል የሚላቸውን 5 ቦታዎች በቀይ እስክሪብቶ ቁጥር ሰጥቶ ያክብብ። ይህ 20 ደቂቃ ከጠቅላላው ትምህርት ዋናው ክፍል ነው፤ እሱ ከተዘለለ ተማሪው ሂት ማፑን ሲያይ «ልክ ነው፣ እንዲህ ነው ያሰብኩት» ይላል፤ ምንም አይማርም።

ከዚያ ከሌላ ክፍል 12 ተመልካቾች። 12 ምስል፣ እያንዳንዱ ለ8 ሰከንድ፣ ቅደም ተከተሉ እየተበወዘ። ካሊብሬሽንና መቀመጥ ተጨምሮ ለአንድ ሰው 7 ደቂቃ ይያዙ፤ ወደ 85 ደቂቃ ይሆናል። የቀረው ለንጽጽር ነው።

አንድ ቦታ ላይ ረጅም ማረፊያ ስለታየ «ወደዱት» አይባልም፤ ግራ ገብቷቸውም ይሆናል። የብሌን መስፋትም ከምስሉ ብርሃን ጋር ስለሚለዋወጥ ለውበት መለኪያ አይሆንም። መፍትሔው ለሁለት ወይም ሦስት ተመልካች የራሳቸውን የዓይን ዱካ አዘግይቶ አጫውቶ «እዚህ ጋ ምን እየፈለግሽ ነበር?» ብሎ መጠየቅ ነው። መልሱን ቡድኑ ይጻፈው።

ቦዬ_ረግረግ

ውጭ መውጣት ይቻላል፤ እንደ መነፅር የሚደረገው አይ ትራከር ግን ያስፈልጋል። የጅማ ቀትር ፀሐይ ብሌኑን አያስይዝም። ደመናማ ጠዋት ወይም ጥላ ይምረጡ፣ ባለ ክፈፍ ኮፍያ ይልበሱ። ካሊብሬሽኑም ተማሪው በሚያየው ርቀት ይሁን፤ በ1 ሜትር ተሠርቶ 15 ሜትር ላይ ያለ ዛፍ ከታየ ነጥቡ ይሸሻል። ሰዎች የሚረሱት ከዚያ በኋላ ያለውን ሥራ ነው፦ 3 ደቂቃ የእግር ጉዞ በሰከንድ 30 ፍሬም 5,400 ፍሬም ነው፤ ማረፊያዎቹን በእጅ መመደብ ሰዓታት ይበላል። ከየቡድኑ አንድ ሰው፣ 3 ደቂቃ፣ ከዚያ በላይ አይሂዱ።

መነፅሩ ከሌለ ዓይን የት እንደሚያይ በላፕቶፕ ካሜራ የሚገምተው ዌብጌዘር የተባለው ፕሮግራም ነፃ ነው። ስህተቱ 4 ዲግሪ አካባቢ፣ ማለትም ስክሪን ላይ ከ4 ሳንቲ ሜትር በላይ ስለሆነ ምስሉን ለ6 ትልልቅ ክልል ብቻ ይክፈሉት፦ ሰማይ፣ ወንዝ፣ መንገድ የመሰለ። ፊት ላይ ከፊት ለፊት የሚመጣ እኩል ብርሃን ይፈልጋል። መብራት ሊጠፋ ስለሚችል ባትሪው ሞልቶ ይጀመር።

አዌቱ_ዳር

አመሰግናለሁ፣ ምልክቱ በእርግጥ መሃል ላይ ነበር። አንድ ልጨምር፦ የዓይን መረጃውን በነጥብ ልያዝላቸው?

ዋንዛ_ጥላ

አይያዙት። ነጥብ የሚሰጠው ግምቱ ከውጤቱ የት እንደተለያየ ቡድኑ በጻፈው ማብራሪያና ከዚያ በኋላ በንድፉ ላይ በለወጠው አንድ ነገር ይሁን። አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሁለት ከለወጡ በሁለተኛው ዙር የትኛው እንደሠራ አይታወቅም። የተመልካቾቹን ፈቃድ በጽሑፍ ይውሰዱ፤ ፋይሉ ላይ በስም ፋንታ ቁጥር ይግባ።