የምጣዱ ሙቀት ለምን አበደ? በዚህ መስክስ ተመራማሪ መሆን ይቻላል?

የደሴዋ መምህርት (ጠያቂ)
ሰላም ለሁላችሁ። ደሴ ሒሳብ አስተምራለሁ፤ ሁለተኛ ዲግሪዬ በኑመሪካል አናሊሲስ፣ ማለትም የሒሳብ ጥያቄዎችን በቁጥር ስሌት ተጠግቶ በመፍታት ጥናት ነው። ዶክትሬት ከመጀመሬ በፊት እጄን ለማፍታታት የእናቴን የሸክላ ምጣድ ሙቀት በኮምፒውተር ላሰላ ተነሣሁ። ውፍረቱን 2 ሴንቲ ሜትር ብዬ በየ1 ሚሊ ሜትሩ ከፋፈልሁት። ሙቀት በሸክላው ውስጥ የሚሰራጭበትን መጠን በሴኮንድ 0.5 ካሬ ሚሊ ሜትር አድርጌ ወሰድሁ። ምጣዱ 20 ዲግሪ ሳለ ከሥሩ በድንገት 200 ዲግሪ ይለኮሳል፤ ጊዜውን በ2 ሴኮንድ እርምጃ አስኬደዋለሁ። ቁጥሩ ግን ወዲያው ያብዳል። አንድ አንጋፋ ባልደረባዬን ባማክር «ሥዕሉ እስኪያምር ድረስ ቁጥሮቹን ቀያይሪ» አለኝ፤ አልተዋጠልኝም። ስህተቱ የቱ ጋ ነው? ሰውስ በእንዲህ ያለ ነገር ዕድሜውን ሊገፋበት ይችላል? አባቴ «እንጀራ ያለ ሒሳብም ይበስላል» ይለኛል።

ቦርከና ዳር
እህቴ፣ ኮምፒውተሩን ዝጊና እርሳስ ያዢ። በመረጥሻቸው ቁጥሮች የስርጭቱ መጠን በጊዜው እርምጃ ተባዝቶ ለርቀቱ ካሬ ሲካፈል ልክ 1 ይሆናል። ስለዚህ የአንድ ነጥብ አዲስ ሙቀት የሁለቱ ጎረቤቶቹ ድምር ሲቀነስ የራሱ ነው። ከእሳቱ ቀጥሎ ያለውን ነጥብ ተከተዪው፦ በመጀመሪያው እርምጃ 200፣ በሁለተኛው ተመልሶ 20፣ በሦስተኛው 380፤ አጠገቡ ያለው ደግሞ ከዜሮ በታች 160። በአራተኛው ያው ነጥብ ከዜሮ በታች 340 ይገባል። በዓለም ከዜሮ በታች 273.15 ያለፈ ቅዝቃዜ የለም፤ ያንቺ ምጣድ ግን እሳት ላይ ተጥዶ በ8 ሴኮንድ አለፈው!

ፕሮግራምሽ አልተሳሳተም፤ ያዘዝሽውን ነው የሠራ። ያ ውጤት ከግማሽ መብለጥ የለበትም። አንቺ ጋ 1 ስለሆነ፣ ከነጥብ ነጥብ ወጣ ገባ የሚለው ስህተት በየእርምጃው ወደ ሦስት እጥፍ ያድጋል። እርምጃውን 1 ሴኮንድ አድርጊው፤ ያኔ አዲሱ ሙቀት የጎረቤቶቹ አማካይ ብቻ ይሆናል፤ አማካይ ደግሞ ከጎረቤቶቹ በላይም በታችም አይወጣም። ርቀቱን ወደ ግማሽ ሚሊ ሜትር ካወረድሽ ግን ጊዜውም ወደ ሩብ ሴኮንድ መውረድ አለበት፤ ሥራው ስምንት እጥፍ ይሆናል።

ጦሳ ሥር
ያን ሁሉ ከምትቆጥሪ የክራንክና የኒኮልሰንን ዘዴ ተጠቀሚ። ከ1947 ጀምሮ ያለ ነው፤ በየእርምጃው አንድ ቀላል የእኩልዮሾች ሥርዓት ትፈቺያለሽ፤ ጊዜውን ብታስረዝሚም አያብድም።

ቦርከና ዳር
አያብድም፤ ግን ይንቀጠቀጣል። እሳቱ በድንገት ስለሚለኮስ፣ እርምጃው ከረዘመ ሙቀቱ ለተወሰነ ጊዜ ወዲያና ወዲህ ይወዛወዛል። የመጀመሪያዎቹን ጥቂት እርምጃዎች ሙሉ በሙሉ በአዲሱ ጊዜ ዋጋ በሚሰላው በኋልዮሹ የኦይለር ዘዴ ጀምረሽ ከዚያ ወደ እነ ክራንክ ተሻገሪ።

የሐይቅ ልጅ
ስለ ሁለተኛው ጥያቄሽ። ዊልኪንሰን የሚባለው እንግሊዛዊ የሒሳብ ሊቅ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን የተኩስ ስሌት ይሠራ ነበር፤ በ1946 ወደ ብሔራዊ የፊዚክስ ላቦራቶሪ ሄዶ ከኮምፒውተር ሳይንስ ፈር ቀዳጁ ከቱሪንግ ጋር ሠራ። እዚያ 18 እኩልዮሾችን በእጅ ማስሊያ ሲፈቱ፣ በማጠጋጋት ይበላሻል ብለው የፈሩት መልስ ያልተጠበቀ ጥራት ይዞ ወጣ። ሰውየው «ለምን?» ማለቱን አልተወም፤ የማጠጋጋት ስህተትን ማጥናት የዕድሜ ልክ ሥራው ሆነ፣ በ1970 የቱሪንግን ሽልማት ተሸለመ። አንቺ የገጠመሽ የተገላቢጦሹ ነው፤ መነሻው ግን ያው ጥያቄ ነው። ባልደረባሽን አትስሚው።

መንገዱን በተመለከተ፦ ለስሌት የሚሆኑት ፕሮግራሞች ኦክቴቭና ፓይተን በነጻ ይገኛሉ። ያልታተሙ ጽሑፎችን ከአርካይቭ ድረ ገጽ አንብቢ፤ የሒሳብ ጽሑፎች ማውጫ የሆነው ዜድቢማትም ከ2021 ጀምሮ ለሁሉም ክፍት ነው፤ ርዕስ ከመምረጥሽ በፊት ማን ምን እንደሠራ እዚያ ፈትሺ። በሀገራችን ብዙ የዚህ መስክ ተማሪዎች አንዲት ትንሽ ቁጥር በምታናውጣቸው እኩልዮሾች ላይ ይሠራሉ። መስኩ ጥሩ ነው፤ ያለፈውን ጽሑፍ ቁጥር ለውጦ ማሳተም ግን ምርምር አይባልም። እኔ ራሴ በወጣትነቴ የሁለት ወር ደመወዜን ከፍዬ ማንም ባላነበበው መጽሔት አሳትሜአለሁ፤ አስተያየት ሰጪ ተብዬው የመለሰልኝ ነጠላ ሰረዝ አርሞ ብቻ ነው። ጽሑፍሽን በሦስት ቀን ተቀብያለሁ ከሚል መጽሔት ሽሺ።

እማሆይ ሠፈር
ሒሳቡን አላውቅም፣ ፊዚክስ ነው የማስተምረው። ሊጡ የሚፈስበትን የምጣዱን የላይኛ ፊት ሙቀትስ ስንት አድርገሽ ነው? ሊጡ ውሃ ነው፤ ደሴ ደግሞ ከባሕር ጠለል 2,500 ሜትር ያህል ከፍ ስለምትል ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። 100 ብለሽ ከሆነ አስተካክዪው፤ ኮምቦልቻ ወርደሽ ብትጋግሪ ደግሞ ሌላ ቁጥር ነው።

የደሴዋ መምህርት (ጠያቂ)
እግዜር ይስጥልኝ። 100 ነበር ያልሁት፣ አፈርሁ። በ1 ሴኮንድ ሠራ፤ የመጀመሪያው ነጥብ 110፣ ከዚያም 110፣ ከዚያ 132.5፤ አንድም ነጥብ ከ200 አላለፈ። ዛሬ ማለዳ ምጣዱን ራሱን ለካሁት፦ ጠርዙ 2 ሴንቲ ሜትር ነው፣ መሐሉ ግን አንድ ተኩል አይሞላም። እንግዲህ በውፍረቱ ብቻ መቁጠሬ አይበቃም፤ ወደ ጎንም ልሄድ ነው። እናቴ በማስመሪያ ስለካ ቆማ አየችኝና «ከጨረስሽ ማሰሻውን አቀብዪኝ» አለች።