አንቺሆዬ ከሲንት ጋር ሲጋጭ (የግሽ ዓባይ ጉዞ ሙዚቃ)

ጠያቂ፦ ጣና ዳር
ጤና ይስጥልኝ። ስፔናዊው ሚሲዮናዊ ፔድሮ ፓኤዝ በ1618፣ ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በ1770 እ.ኤ.አ. የዓባይ ምንጭ ግሽ ዓባይ የደረሱበትን ጉዞ መነሻ አድርጌ ለሁለት ቫዮሊን፣ ለቼሎና ለሲንት (ሲንተሳይዘር) እየሠራሁ ነው። ቅኝቱ ከሲ (C) የሚነሣ አንቺሆዬ ነው። ሦስት ነገር አስቸገረኝ። 6 ደቂቃ የነበረው የቫዮሊኖቹ ቅጂ ኮምፒውተር ላይ 6 ደቂቃ ከ32 ሰከንድ ሆነ፣ ድምፁም ወረደ። ሲንቱ ሲገባ አንቺሆዬነቱ ይጠፋል። ባሕር ዳር ላይ የቀዳሁት የጣና ሞገድም በነፋስ ተበላሽቷል።

ባለ ማሲንቆ
32 ሰከንዷ ምክንያቱን ትናገራለች፦ መቅጃው በ48 ኪሎ ኸርዝ ሳምፕል ሬት (በሰከንድ 48 ሺህ የድምፅ ናሙና) ቀድቷል፣ ፕሮጀክትሽ 44.1 ነው፣ ፋይሉ ሳይቀየር ገብቷል። አንድ ተኩል ሴሚቶን ገደማ የወረደው ለዚህ ነው። በፒች ማስተካከያ እንዳትነኪው፣ የቀስቱን ድምፅ ያበላሸዋል። አውጪውና ሳምፕል ሬቱን ቀይረሽ መልሰሽ አስገቢው።

ቅኝት ወዳድ
እህቴ፣ ዋናው ጉዳይ ሁለተኛው ነው። ኖታዎችሽ ሲ፣ ዲ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ ፍላት፣ ኤ ናቸው። ከእነዚህ የሚወጣው ሜጀር ኮርድ (አብረው የሚሰሙ ሦስት ኖታዎች) ኤፍ ብቻ ነው፤ እሱን ስትይዢ ጆሮ ኤፍን መነሻ አድርጎ ይይዘዋል፣ አንቺሆዬውም ያልቅለታል። ሲንቱ ኮርድ ይተውና ሲን ብቻ ይያዝ፤ ጂ ፍላት ለቼሎው ይሁን። ሪቨርቡንም (ማስተጋባቱን) ከ1.5 ሰከንድ አታሳልፊው፤ ሲረዝም ሲና ዲ ፍላት ተደራርበው ይፋጫሉ።

ጣና ዳር
ሲን ብቻ ብይዝም ጂ ፍላት ላይ አሁንም ይጎረብጣል።

ቅኝት ወዳድ
የፓዱን (ሲንቱ የሚይዘውን ረጅም ድምፅ) ሁለተኛ ኦሲሌተር (ድምፅ አመንጪ) እዪው። አንዳንዱ 7 ሴሚቶን ከፍ ተደርጎ ነው የሚመጣው። ሲን ስትነኪ ጂም አብሮ ይጮኻል፤ ጂ ደግሞ ቅኝቱ ውስጥ የለም። ዜሮ ላይ መልሺው።

ጣና ዳር
አገኘሁት፣ 7 ላይ ነበር! አሁን ጠርቷል። የነፋሱስ?

የሐይቅ ድምፅ
ማይኩን ያጨናነቀ ነፋስ በፊልተር አይድንም፤ እንደገና ቅጂ። ስፖንጁ ብቻ ለሐይቅ ዳር አይበቃም፣ ጠጉራሙን መከላከያ አልብሺው። ነፋሱ ከሰዓት ስለሚበረታ ንጋት ላይ ውጪ። ከፍተኛው ድምፅ ከ−12 ዲሲቤል አይለፍ፤ በኋላ ከ100 ኸርዝ በታች ያለውን ቁረጪ።

ጉዞው ወደ ምንጩ ስለሆነ ጢስ ዓባይን መጀመሪያ ላይ ብታስገቢው ደስ ይለኛል። የምትቀጂው መስከረም ላይ ይሁን፤ በበጋ ውኃው ለኃይል ማመንጫ ስለሚጠለፍ ፏፏቴው ይሳሳል። ድምፁ ቫዮሊኑን እንዳይውጠው ከ2 እስከ 4 ኪሎ ኸርዝ ያለውን በ4 ዲሲቤል ቀንሺለት።

ባለ ማሲንቆ
አንድ ልጨምር፦ የቼሎው የታችኛው ሲ 65.4 ኸርዝ ነው። ቼሎው እዚያ ሲወርድ የሲንቱን ቤዝ ዝም አሰኚው፤ ወደ 32.7 ብታወርጂው በስልክ የሚሰማ ሰው ጨርሶ አያገኘውም።