የዊንዶውስ መጫኛ ዲቪዲ አልነሳ አለኝ፤ ባዮሱም ያስተካከልኩትን አይዝልኝም

ጥያቄ፣ ከደብረ ሲና

ጤና ይስጥልኝ። በደብረ ሲና ከተማ አነስተኛ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አለኝ። ማመልከቻና ደብዳቤ የምጽፍበት አሮጌ ዴስክቶፕ ሐርድ ዲስኩ ስለተበላሸ ከሌላ ኮምፒውተር የወጣ ያገለገለ ሐርድ ዲስክ ገዝቼ ቀይሬለታለሁ። የቀረኝ ዊንዶውስ 10 መጫን ነው። ከ4 ጊጋባይት ትንሽ የሚያንሰውን ባለ 32 ቢት መጫኛ በአንድ ወዳጄ ላፕቶፕ ባዶ ዲቪዲ ላይ አስገልብጬ አመጣሁ። ይሁንና ዲስኩን ከትቼ ሳስነሳው ድራይቩ ጥቂት ያጉረመርምና ኦፐሬቲንግ ሲስተም እንዳልተገኘ የሚገልጽ ጽሑፍ ስክሪኑ ላይ ይወጣል። በኤፍ 2 ባዮስ (ኮምፒውተሩ ሲበራ ከሁሉ ቀድሞ የሚሠራው የማስነሻ ፕሮግራም) ውስጥ ገብቼ ዲቪዲው ከሐርድ ዲስኩ እንዲቀድም አድርጌያለሁ፤ በማግስቱ ግን ቅደም ተከተሉ ወደ ነበረበት ተመልሶ አገኘዋለሁ። የድሮው ሐርድ ዲስክ ሳይበላሽ የመዝሙር ሲዲ ያለ እንከን ያጫውት ስለነበር ድራይቩ ጤነኛ ነው ብዬ አምናለሁ። ምን ላድርግ?

መልስ፣ ከደብረ ብርሃን

ወንድሜ፣ ድራይቩንም ባዮሱንም ከመንካትዎ በፊት ዲስኩን በወዳጅዎ ላፕቶፕ ከፍተው ውስጡ ምን እንደሚታይ ይንገሩን። ብዙ ማህደሮችና «ሴትአፕ» የሚባል ፋይል ከታየ በትክክል ተጽፏል። አንድ ትልቅ ፋይል ብቻ ከታየ ግን፣ ስሙ በአይ ኤስ ኦ የሚያበቃ፣ እንደ ማንኛውም ሰነድ ተቀድቷል ማለት ነውና አንድም ኮምፒውተር ከእርሱ አይነሳም። ባዮስ ፋይል ከፍቶ የመመልከት ችሎታ የለውም፤ በዲስኩ ላይ በተወሰነ ቦታ የተጻፈ የማስነሻ መረጃ ይፈልጋል፣ ያ መረጃ ደግሞ በአይ ኤስ ኦው ፋይል ሆድ ውስጥ እንደታሸገ ቀርቷል። ጤፉን ሳያስፈጩና ሳያቦኩ ከነጆንያው ምጣድ ላይ እንደማስቀመጥ ነው።

ከዊንዶውስ 7 ጀምሮ ሌላ ፕሮግራም አያስፈልግም። ፋይሉን በማውሱ ቀኝ ቁልፍ ጠቅ አድርገው «በርን ዲስክ ኢሜጅ» የሚለውን ይምረጡ፣ ከተጻፈ በኋላ ዲስኩን እንዲያረጋግጥ የምትጠይቀውን ሣጥንም ምልክት ያድርጉባት። ባዶው ዲቪዲ አንዴ ብቻ የሚጻፍበት ከሆነ ሌላ መግዛት ግድ ነው።

መልስ፣ ከሸዋ ሮቢት

በመዝሙር ሲዲው ምስክርነት ላይ ባይተማመኑ እመክራለሁ። ድራይቩ ሲዲ የሚያነብበት ጨረርና ዲቪዲ የሚያነብበት ጨረር የተለያዩ በመሆናቸው አንዱ ደክሞ ሌላው ሊሠራ ይችላል። በእኛ ቆላ አቧራው ስለሚበዛ እኔ ራሴ ሲዲ ብቻ የሚያነብብ ድራይቭ ገጥሞኛል፤ ሌንሱን በአልኮል በትንሹ በረጠበ ጥጥ ሳልጫን ስጠርገው ተመለሰልኝ። የእርስዎን ለመፈተን ትክክል መሆኑ በሌላ ኮምፒውተር የተረጋገጠ የመጫኛ ዲቪዲ ቢዋሱ ይበቃል።

መልስ፣ ከመሐል ሜዳ

ዲስክ ለምን ያስቸግርዎታል? በፍላሽ ቢጭኑ ይፈጥናል። ደግሞም የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ስላበቃ በዊንዶውስ ፈንታ የሚጫነውን ነጻ ኦፐሬቲንግ ሲስተም፣ ሊኑክስ ሚንትን ቢያስቡበት መልካም ነው።

ጠያቂው፣ ከደብረ ሲና

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ሊኑክሱን ለጊዜው ልተወው፤ የደንበኞቼ ሰነድ አብዛኛው በፓወር ግዕዝ የተጻፈ በመሆኑ ከዊንዶውስ መውጣት አይመቸኝም። ፍላሹንም ሞክሬ ይህ አሮጌ ማሽን አላወቀውም።

የደብረ ብርሃኑ ወንድሜ እንዳሉት በዲስኩ ውስጥ አንድ ፋይል ብቻ ነበር። አዲስ ዲቪዲ ገዝተን በነገሩን መንገድ ጻፍነው፣ በወዳጄ ላፕቶፕም የመጫኛው ሰማያዊ መስኮት ድረስ ተነሳ። እኔ ጋ ግን አሁንም ያው ጽሑፍ ነው። ማታ ቅደም ተከተሉን አስተካክዬ፣ መብራት ሄዶ ሲመጣ እንዳያቃጥልብኝ ከሶኬት ነቅዬው ሄድኩ፤ ጠዋት ዲስኩን ከትቼ ሳስነሳው ሐርድ ዲስኩ እንደገና ቀድሞ አገኘሁት። ሰዓቱም ጠዋት ጠዋት በፈረንጆቹ 2009 ላይ ነው የሚጠብቀኝ፤ ይህን ከእርጅናው ቆጥሬ ትቼው ነበር።

መልስ፣ ከደብረ ብርሃን

የሰዓቱ ነገር ከመጀመሪያው ቢነገረን ኖሮ አንድ ቀን ባተረፍን ነበር። ሰዓቱንና የባዮሱን ምርጫ የምትይዘው በማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ክብ ባትሪ ነች። ኮምፒውተሩ ሶኬት ላይ እስካለ ድረስ በመብራቱ ኃይል ይቆያል፤ ማታ ሲነቅሉት ግን ደካማዋ ባትሪ መሸከም ስለማትችል ሁሉም ከፋብሪካ እንደወጣ ይመለሳል። ያገለገለው ሐርድ ዲስክ ደግሞ የድሮ ማስነሻ ቅሪት ስላለበት ባዮሱ እርሱን ይዞ ይቆማል፤ ፈጽሞ ባዶ ቢሆን ኖሮ አልፎት ወደ ዲቪዲው ሊሻገር ይችል ነበር። ስለዚህ ያጋጠመዎት አንድ ብልሽት ሳይሆን ሁለት ነው፣ የመጀመሪያውም ሁለተኛውን ሸፍኖት ቆይቷል።

ባትሪዋ በብዙ ማሽኖች ላይ ሲ አር 2032 የምትባለው ባለ 3 ቮልት ነች፤ በመኪና ቁልፍ ውስጥም የምትገባ በመሆኗ ሰዓት ጠጋኞች ዘንድ አትጠፋም። ሶኬቱን ነቅለው፣ የሣጥኑን ብረት ነክተው፣ የመደመር ምልክት ያለበት ፊቷ ወደ ላይ እንዲሆን አድርገው ይተኳት፤ ከዚያ ሰዓቱንና ቅደም ተከተሉን አስተካክለው አስቀምጠው ይውጡ። ዛሬውኑ ለመጫን ከፈለጉ ግን ባትሪዋን መጠበቅ የለብዎትም። ሲያስነሱት ለአንድ ጊዜ ብቻ የሚያገለግለውን የማስነሻ ዝርዝር ይጥሩ፤ በዴልና በሌኖቮ አብዛኛውን ጊዜ ኤፍ 12፣ በኤችፒ ኤፍ 9 ነው። ዲቪዲውን ሲመርጡ ማንኛውንም ቁልፍ እንዲጫኑ የሚጠይቅ አጭር ጽሑፍ ይመጣል፤ ጥቂት ሰከንድ ብቻ ስለሚቆይ እጅዎ ኪቦርዱ ላይ ይሁን።

ጠያቂው፣ ከደብረ ሲና

በኤፍ 12 ተነሳልኝ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ባትሪዋንም ቀየርኩ። አሁን ፋይል እየቀዳ ነው፤ ራሱን አጥፍቶ ሲነሳ ዲስኩን ላውጣው ወይስ ይቆይ?

መልስ፣ ከሸዋ ሮቢት

ይቆይ፣ ነገር ግን ቁልፍ እንዲጫኑ ሲጠይቅዎት አይጫኑ። ከተጫኑ መጫኑ ከመጀመሪያው ይጀምርብዎታል።