ልጆቼ የተራራ ብስክሌት ቡድን ሊገቡ ነው፤ በቀረን ጊዜ ምን ላዘጋጅ?

ጠያቂ፦ የሁለት ልጆች እናት

ጤና ይስጥልኝ። የምንኖረው በሰሜን ቨርጂኒያ፣ ፌርፋክስ አካባቢ ነው። የ13 ዓመት ሴት ልጅና የ11 ዓመት ወንድ ልጅ አሉኝ፤ በመጪው የትምህርት ዓመት እርሷ 8ኛ፣ እርሱ 6ኛ ክፍል ይገባሉ። ታላቂቱ ከክፍል ጓደኛዋ ሰምታ በአካባቢያችን ያለውን የተማሪዎች የተራራ ብስክሌት ቡድን ካልገባሁ ብላ ያዘችኝ፤ ታናሹም እርሷ ከገባችበት የማይቀር ነውና ነገሩ የሁለቱም ሆነ። ቡድኑ ናይካ በሚባለው አገር አቀፍ ማኅበር ሥር ያለ ሲሆን ከ6ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ያሉ ተማሪዎችን ያለ መግቢያ ፈተና ይቀበላል፤ ተቀያሪ ወንበር ላይ የሚቀመጥ ልጅም እንደሌለ ነግረውኛል። ልምምዱ በጁላይ ይጀምራል፤ ስለዚህ የቀረኝ ስድስት ሳምንት ብቻ ነው።

ሁለቱም ብስክሌት መንዳት ይችላሉ፤ ነገር ግን የነዱት በሰፈራችን አስፋልት ላይ ብቻ ነው። ያሉን ብስክሌቶች ከትልቅ መደብር በቅናሽ የተገዙ ናቸው፤ ወፍራም ጎማና የፊት ሞላ ስላላቸው የተራራ ብስክሌት ይመስላሉ፣ ግን ለዚህ ሥራ ይበቁ እንደሆነ አላውቅም። እኔ ራሴ ብስክሌት ነድቼ አላውቅም፤ ባለቤቴም በሥራው ምክንያት የሚያገኛቸው በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ ነው። እናቴ ደግሞ ከአዲስ አበባ በስልክ «ብስክሌት የተላላኪ ነው እንጂ የተማሪ ነው እንዴ?» ትለኛለች።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስቡኝ ሦስት ነገሮች ናቸው። አንደኛው መውደቅ ነው፤ ተንቀሳቃሽ ምስሉን ሳየው ልቤ ይርዳል። ሁለተኛው ወጪው ነው። ሦስተኛው ደግሞ የልምምዱ ዋና ጊዜ ከፍልሰታ ጾም ጋር መገጣጠሙ ነው፤ ልጆቼ ፍልሰታን ይጾማሉ፣ ይቆርባሉም፤ እኔም ይህን እንዲተዉ አልፈልግም። በዚህ መንገድ ያለፋችሁ ወላጆች ብታማክሩኝ ታላቅ ውለታ ነው።

መልስ 1፦ በጎ ፈቃደኛ አሠልጣኝ

እህቴ፣ እኔም እንደ እርስዎ ልጄን ላደርስ ሄጄ ነው በዚያው የቀረሁት፤ አሁን ሁለተኛ ዓመቴን በረዳት አሠልጣኝነት ይዣለሁ። ወላጆች ብዙውን ጊዜ የሚጠይቁኝ ልጃቸው ምን ያህል ርቀት መንዳት እንዳለበት ነው። እኔ ግን በመጀመሪያው ሳምንት የማየው ፍሬን አያያዙን ነው። ትንፋሽ በአንድ ወር ይመጣል፤ አያያዙ ተበላሽቶ የመጣ ልጅ ግን ቁልቁለት ሲያይ ይደነግጣል፣ ሲደነግጥም ባለ በሌለ ኃይሉ ይጨብጣል።

በአሜሪካ የሚሸጡ ብስክሌቶች በቀኝ እጅ የኋላውን፣ በግራ እጅ የፊቱን ጎማ ይይዛሉ። ይበልጥ የሚያቆመው የፊቱ ነው፤ በድንገት ከተጨበጠ ግን ነጂውን በመሪው ላይ አሳልፎ ይጥላል። ስለዚህ ባዶ የመኪና ማቆሚያ ፈልጉ፣ በጠመኔ መስመር አስምሩ፣ ልጆቹም ፈጠን ብለው መጥተው ጎማቸው ሳይንሸራተት መስመሩ ላይ እንዲቆሙ አድርጉ። በመጀመሪያ በኋላው ብቻ፣ ቀጥሎ በፊቱ ብቻ በዝግታ፣ በመጨረሻም በሁለቱ አንድ ላይ። መያዣውን የሚስበው ሌባ ጣት ብቻ ይሁን፤ የቀሩት ጣቶች መሪውን ይጨብጡ። የልጅዎ ጣት መያዣው ጋ የማይደርስ ከሆነ በብዙዎቹ ብስክሌቶች መያዣው ላይ ይህን የምታስተካክል ትንሽ ብሎን አለች፤ በሁለት ደቂቃ ይቀርባል። ይህችን ብሎን ባለማወቅ ስንት ልጅ በአራት ጣት እየጎተተ እንደሚሠቃይ ብነግርዎ አያምኑኝም።

ሁለተኛው ነገር አቋቋም ነው። በወጣ ገባ መንገድ ላይ ልጁ ኮርቻው ላይ እንደ ወንበር አይቀመጥም፤ ሁለቱ ፔዳሎች ከመሬት እኩል ርቀት ላይ ሆነው በእነርሱ ላይ ይቆማል፣ ጉልበቱንና ክርኑን አጠፍ ያደርጋል፣ ወገቡን ወደ ኋላ ይገፋል፣ ዓይኑንም ከፊት ጎማው ላይ አንሥቶ ወደሚሄድበት ይልካል። ዓይን ካየው ላይ ብስክሌቱ ይሄዳልና ዛፉን ትኩር ብሎ ያየ ልጅ ዛፉን ይመታል። ይህን በሣር ሜዳ ላይ መለማመድ ይቻላል፤ እርስዎ ብስክሌት መንዳት ባይችሉም «ቀና በይ፣ ክርንሽን እጠፊ» እያሉ ማረም ይችላሉ።

ሦስተኛው በዝግታ መንዳት ነው። ሁለቱን ልጆች በጠባብ ቦታ ላይ እግር ሳያወርዱ ማን የመጨረሻ እንደሚደርስ አወዳድሯቸው፤ ሚዛን የሚገኘው በዚህ ነው። ማርሽ መቀየርንም ዳገቱ ሳይጀምር እንዲለምዱ አድርጉ፤ ዳገት መሐል በሙሉ ኃይል እየረገጡ መቀየር ሰንሰለት ያስዘልላል፣ አንዳንዴም ይበጥሳል።

ቦታን በተመለከተ በአካባቢያችሁ እጅግ ታድላችኋል። በበርክ ሐይቅ ዙሪያ ባለው ደልዳላ የጠጠር መንገድ ጀምሩ። ቀጥሎ በአናንዴል ወደሚገኘው ወደ ዌክፊልድ መናፈሻ ሂዱ፤ ከበድ ያለ የጫካ መንገድ ያለውን የፋውንቴንሄድ መናፈሻን ግን ቡድኑ ራሱ እስኪወስዳቸው ድረስ አቆዩት። ዝናብ በዘነበ ማግስት እነዚህ የጫካ መንገዶች ይዘጋሉ፤ ጎማ በጭቃ ላይ የሚተወው ቦይ ሲደርቅ መንገዱን ያበላሻልና ከመውጣታችሁ በፊት ክፍት መሆኑን አረጋግጡ። ከጫካ ስትመለሱ ልጆቹን ከጉልበት ጀርባ፣ ከብብትና ከፀጉር ሥር እየገለጣችሁ መዥገር ፈልጉ። በዚህ አካባቢ መዥገር ላይም የሚባለውን በሽታ ስለሚያስተላልፍ እኔ ከመውደቅ ይልቅ ይህን ነው ለወላጆች ደጋግሜ የማሳስበው።

ስለ መውደቅ አልዋሽዎትም፤ ይወድቃሉ። አብዛኛው መላላጥ ነው፤ ጓንትና የጉልበት መከላከያ ብዙውን ያስቀራል። በልምምድ ጊዜ እያንዳንዱ ምድብ ከፊት የሚመራና ከኋላ የሚጠብቅ አዋቂ አለው፤ ልጆቹም በችሎታ ስለሚከፈሉ 6ኛ ክፍል ያለው ልጅዎ ከትልልቆቹ ኋላ እየተከተለ ከአቅሙ በላይ አይወርድም። ጭንቅላቱን ከተመታ ግን ምንም አልሆንሁም ቢልም እንኳ የዚያ ቀን ብስክሌት አብቅቷል፤ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ መደናገር ወይም የተለየ እንቅልፍ ካዩ ሐኪም ሳያየው አይመለስም። በዚህ ጉዳይ ከአሠልጣኝ ጋር መከራከር የለም፤ የሚከራከር ወላጅ ግን አይቻለሁ።

ለእናትዎ ደግሞ ይህን ይንገሩልኝ፦ ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1956 በሜልቦርን ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ ስትሳተፍ ከሯጮቹ ጋር ብስክሌተኞችም ልካ ነበር።

መልስ 2፦ የባሕር ዳር ልጅ፣ ብስክሌት ጠጋኝ

አሠልጣኙ ያሉትን ሁሉ እቀበላለሁ፤ ስለ ብስክሌቶቹ ዝም ማለታቸው ግን አስገርሞኛል። እኔ ከልጅነቴ በባሕር ዳር ብስክሌት በደቂቃ እየተከራየሁ ያደግሁ፣ እዚህም ለኑሮዬ ብስክሌት የምጠግን ሰው ነኝና በግልጽ ልናገር፦ ከትልቅ መደብር በቅናሽ የተገዙት ለጫካ አይሆኑም። ነገሩን እንደ ንቀት አትዩት፤ ለሰፈር መንገድ በቂ ናቸው። የፊት ሞላቸው ግን ከክብደት በቀር የሚጨምረው ጥቅም ጥቂት ነው፣ ፍሬናቸው በረጅም ቁልቁለት ላይ ይዝላል፣ የተገጣጠሙትም በጥድፊያ ስለሆነ መሪያቸው በደንብ ሳይጠብቅ የመጣ በተደጋጋሚ አጋጥሞኛል። ሒሳቡንም አስቡት፤ 35 ኪሎ የሚመዝን ልጅ 16 ኪሎ ብስክሌት ሲገፋ የክብደቱን ግማሽ ያህል ዳገት ላይ ያወጣል ማለት ነው። ልጁ የሚያማርረው ስፖርቱን ይመስለዋል፤ ጥፋቱ ግን የብረቱ ነው።

ነገር ግን አዲስ አትግዙ። መጀመሪያ ለቡድኑ ኃላፊ ጻፉና የሚያውሱት ብስክሌት እንዳላቸው፣ ለመመዝገቢያውም የክፍያ ድጋፍ እንዳለ ጠይቁ፤ መጠየቅ ነውር አይደለም፣ ድጋፉ የተዘጋጀው ለዚሁ ነው። ቀጥሎ ከቡድኑ ተመራቂ ቤተሰቦች ያገለገለ ፈልጉ፤ ልጆች በየዓመቱ ስለሚያድጉ ጥሩ ብስክሌት ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፋል። ያገለገለ ስታዩ የብረቱን ብየዳ በጣታችሁ እየዳበሳችሁ ስንጥቅ ፈልጉ፣ የፊት ሞላው አንጸባራቂ ቱቦ መጫሩን ወይም ዘይት ማልቀሱን ተመልከቱ፣ ጎማውን አንሥታችሁ አሽከርክሩና ግራና ቀኝ መዋለሉን እዩ። ሰንሰለት ቢያልቅ በርካሽ ይቀየራል፤ የተሰነጠቀ ብረት ግን በነጻም ቢሰጧችሁ አትውሰዱት።

ልኩን በተመለከተ «ያድግበታል» ብሎ ትልቅ መግዛት የእኛ ወላጆች ልማድ ነው። ለጫማ ይሆናል፤ ለብስክሌት አይሆንም። ልጁ ሁለት እግሩን መሬት ላይ አድርጎ ሲቆም ከላይኛው ብረት በላይ ቢያንስ ሁለት ሦስት ጣት ክፍተት ይኑረው። ጎማውንም እንደ ድንጋይ አታጠንክሩት፤ ለቀላል ልጅ በጎማ መንፊያው መለኪያ ላይ ከ20 እስከ 25 ፒኤስአይ (የአየር ግፊት መለኪያ) አካባቢ ይበቃል፣ ውስጡ ቱቦ ካለው ግን ድንጋይ ሲመታ እንዳይበሳ በጥቂቱ ጨምሩ። የመሪው ጫፎች መዘጋታቸውንም አረጋግጡ፤ ክፍት ቱቦ ልጅ ሲወድቅበት እንደ ቢላ ይቆርጣል፣ በውድድር ላይም አያሳልፉትም።

አንድ ነገር ልጨምር፦ ጫማው ፔዳሉ ላይ የሚቆለፈውን ዓይነት ልጆቹ ቢለምኗችሁም በመጀመሪያው ዓመት እሺ አትበሉ። ሰፊና ጠፍጣፋ ፔዳል፣ ሶሉ የማያንሸራትት ጫማ፣ አበቃ።

መልስ 3፦ የሦስት ልጆች እናት

እህቴ፣ ስለ ጾሙ የምመልስልሽ እኔ ነኝ፤ ትልቋ ልጄ በዚህ ቡድን ሦስት ዓመት ሞልቷታል። ፍልሰታ ከኦገስት 7 እስከ 21 ስለሆነ በእርግጥም ልምምዱ በሚጠነክርበት ጊዜ ይውላል። በመጀመሪያው ዓመት ምንም ሳላማክር ልጄ ሙሉ ቀን ጾማ፣ ከቅዳሴ በኋላ ጥቂት ቀምሳ ለልምምድ ሄደች፤ በዚያ ሙቀት ዳገት መሐል ዓይኗ ጨለመባትና አስቀመጧት። ያን ዕለት ያፈርሁት በራሴ ነው። ከዚያ በኋላ ያደረግሁት ሁለት ነገር ነው። በመጀመሪያ ወደ ንስሐ አባታችን ሄጄ ልምምዱን ከነሰዓቱ አስረዳሁ፤ እርሳቸውም እንደ ዕድሜዋና እንደ አቅሟ የጾሙን ሰዓት ወሰኑልን። የእናንተን የሚወስኑት የእናንተ አባት ናቸውና የእኛን ሰዓት እዚህ አልጽፈውም። ቀጥሎ ለአሠልጣኙ ነገርሁት፤ በምትቆርብባቸው ቀናት ቀለል ካለው ምድብ ጋር እንድትነዳ አደረጋት፣ ያለ ምንም ክርክር።

ምግቡ እንደሆነ ያገራችን ጾም ለብስክሌት የተመቸ ነው። ከልምምድ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ቀደም ብሎ በስኳር ወይም በማር የተበጠበጠ በሶ፣ ወይም ሙዝና ዳቦ ስጫቸው። በሻንጣቸው ቴምር ይያዙ፤ ቆሎ ግን ሲነዱ ትን ስለሚል ለዕረፍት ብቻ ይሁን። ሲመለሱ ሽሮና ምስር ይብሉ፤ ውሃ ደግሞ ሳይጠማቸው በየጊዜው እንዲጎነጩ አስለምጃቸው፤ የቨርጂኒያ ወበቅ ሰው ሳያውቀው ያደርቃል።

ወንዶቹ የማያነሡት አንድ ጉዳይ አለ፤ የልጅሽ ፀጉር። ሄልሜት ስትገዙላት ፀጉሯ በምትነዳበት አሠራር ተሠርቶ ይሂድ። የእኔዋ ፀጉሯ ተፈትቶ የተለካላት ሄልሜት ሹሩባ በተሠራች ማግስት ግንባሯ ላይ ከፍ ብሎ ተቀመጠ፤ እንዲህ ከሆነ ደግሞ አይጠብቅም። ከቅንድቧ በላይ የሁለት ጣት ስፋት ብቻ ይቅር፣ የጎን ማሰሪያዎቹ ከጆሮዋ ሥር ይገናኙ፣ ከአገጯ በታች አንድ ጣት ብቻ ያስገባ። ቀጭን፣ ወደ ኋላ የሚወርድና አንገት ላይ የሚታሰር ሹሩባ ከሁሉ ይመቻል። አንድ ጊዜ በኃይል የተመታ ሄልሜት ደግሞ ስንጥቁ ባይታይም ይጣላል። ቡድኑ ውስጥ ሴቶች ጥቂት ከሆኑ እንዳትሸማቀቅ ግሪት ስለሚባለው የናይካ የልጃገረዶች ፕሮግራም ጠይቂላት፤ የእኔዋን በቡድኑ ያቆያት ከውድድሩ ይልቅ እዚያ ያገኘቻቸው ጓደኞቿ ናቸው።

ጠያቂ፦ የሁለት ልጆች እናት

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ሁላችሁንም አንብቤ ለባለቤቴም አነበብሁለት። ለቡድኑ ኃላፊ ዛሬ ጻፍሁ፤ የሚያውሱት አንድ ብስክሌት ለታናሹ ልክ ሳይሆን አይቀርም ብለውኛል፣ ለታላቂቱ ያገለገለ እንፈልጋለን። አንድ ጥያቄ ብቻ ቀረኝ፤ ውድድር የመግባት ግዴታ አለባቸው? ታናሹ ሰው ሲያየው ይጨነቃል፤ እሑድ የሚውል ውድድርም ከቅዳሴ ጋር ይጋጭብኛል።

መልስ 1፦ በጎ ፈቃደኛ አሠልጣኝ

በእኛ ቡድን ግዴታ የለም። ዓመቱን ሙሉ ሲለማመዱ ቆይተው አንድም ውድድር ያልገቡ ልጆች አሉን፤ ማልያውን ግን እኩል ለብሰዋል። የእናንተም ቡድን እንዲሁ መሆኑን ከምዝገባው በፊት በጽሑፍ ጠይቁ። ለታናሹ የምመክረው የመጀመሪያውን ውድድር እንደ ተመልካች መጥቶ እንዲያይ ነው፤ የእርሱ ዕድሜ ልጆች ጭቃ በጭቃ ሆነው ሲሥቁ ካየ በኋላ ራሱ ይወስን። የእሑዱን ነገር ደግሞ የውድድሩ መርሐ ግብር እንደ ወጣ ከቤተ ክርስቲያናችሁ ሰዓት ጋር ጎን ለጎን አድርጋችሁ ተመልከቱት፤ የእያንዳንዱ ክፍል መነሻ ሰዓት የተለያየ ስለሆነ አንዳንዱ ከሰዓት በኋላ ሊውልላችሁ ይችላል።

ብስክሌቱን እንደ ተረከባችሁ ቅዳሜ ጠዋት በርክ ሐይቅ ካመጣችኋቸው እኔም ከልጄ ጋር እዚያ ስለምሆን ፍሬናቸውን አብረን እናያለን። ለእርስዎም ትርፍ ብስክሌት አመጣለሁ፤ በዚያ ጠጠር መንገድ ላይ በአርባ ዓመታቸው የጀመሩ እናቶችን አስተምሬያለሁ።