አስቸኳይ፦ ካምቢዮ ከቀየርን ወዲህ ኤን ፒ አሩ ከ50 ሲያልፍ ይንቀጠቀጣል (ኮምቦልቻ)

የቦርከና ልጅ፣ ማታ 1፡20
ሰላም ጀማው። መኪናው አይሱዙ ኤን ፒ አር ነው። ካምቢዮ (የማርሽ ሳጥን) ቀየርን። ዛሬ ስንሞክረው ከ50 ሲያልፍ ወለሉ ሁሉ ይንቀጠቀጣል። መሪው ሰላም ነው፤ ነገሩ የሚመጣው ከመቀመጫው ሥር ነው። ስነሳም «ቋ» ይላል። ክሮቼራዎቹ፣ ከካምቢዮው ወደ ኋላ ጎማ የሚሄደውን ሻፍት የሚያጋጥሙት መስቀሎች፣ ሦስቱም አዲስ ናቸው። ነገ ሌሊት 10 ሰዓት ለሚሌ ጭነት አለብኝ፤ ካልደረስኩ ለሌላ መኪና ይሰጡታል። ምን ልቀይር? የምታውቁ ቶሎ በሉልኝ።

ጢጣ ሠፈር፣ 1፡26
ሴንተር ቤሪንግ ነው፣ ሻፍቱን መሀሉ ላይ የሚይዘው። ቀይረው።

ሐይቅ በር፣ 1፡29
ጎማ ባላንስ አስደርገሃል?

የቦርከና ልጅ፣ 1፡31
ጎማው አልተነካም። ካምቢዮው ከመውረዱ በፊት እንደ ውኃ ነበር የሚሄደው።

የአሰብ መንገድ፣ 1፡35
እኔ ያልገባኝ ካምቢዮው ለምን ተቀየረ? ዘንድሮ ማርሽ ትንሽ ከጮኸ «ቀይር» ሆኗል ነገሩ። ተከፍቶ ኩሽኔታውና ሲንክሮው ቢቀየር እኮ የፋብሪካ ልኩን እንደያዘ ይኖር ነበር። ከሌላ መኪና የወጣ ነገር ስትገጥም የሌላ መኪና ጣጣ ነው አብሮ የሚመጣው።

የቦርከና ልጅ፣ 1፡38
ጋሼ፣ የካምቢዮው ቤት ተሰንጥቆ ነው። የሐረጎን ዳገት ስወጣ ዘይቱን አፍስሶ 3ኛ ማርሽ ተበላ። ቤቱን በያጅ አይቶት «አይያዝም» አለኝ። ያገለገለ ከሶማሌ ተራ አስመጣን።

የአሰብ መንገድ፣ 1፡40
ቤቱ ከተሰነጠቀ ልክ ነህ፣ አንስቻለሁ።

የቀድሞ የአውቶ መምህር፣ 1፡44
ልጄ፣ የምትቀይረውን ከመፈለግህ በፊት ክሮቼራ ምን እንደሚሠራ እወቅ። ሁለት ዘንጎች በአንግል ሲገናኙ በአንዱ በኩል የገባው እኩል ዙር በሌላው በኩል እኩል ሆኖ አይወጣም። በእያንዳንዱ ዙር ሁለት ጊዜ ይፈጥናል፣ ሁለት ጊዜ ይዘገያል። አንግሉ ሲጨምር ልዩነቱም ይጨምራል። ይህን የሚያስተካክለው ሌላኛው ክሮቼራ ነው፤ የመጀመሪያው ያፈጠነውን እሱ ያዘገየዋል። ይህ የሚሆነው ግን በአንድ ሻፍት ጫፍና ጫፍ ያሉት ዮኮች፣ ማለትም ክሮቼራውን የሚይዙት ሹካዎች፣ ጆሯቸው በአንድ መስመር ሲሆንና የሁለቱ ጫፎች አንግል ሲቀራረብ ነው። መስመሩ ከተሳተ ይስተካከል የነበረው ልዩነት ይደመራል።

ፍጥነቱን ደግሞ አስበው። በ60 ስትሄድ ጎማህ በደቂቃ 400 ጊዜ ገደማ ይዞራል። ዲፍረንሻሉ ወደ አምስት እጥፍ ስለሚወስደው ሻፍቱ በደቂቃ 2000 ዙር ገደማ አለው፤ በእያንዳንዱ ዙር ሁለት ምት። ወለልህን የሚያንቀጠቅጠው እሱ ነው። እዚህ ላይ ብረት ሳይሰበር አቀማመጡ ብቻ ሊሳሳት ይችላል፤ ስለዚህ አዲስ ዕቃ ገዝተህም ላይድን ይችላል።

ጢጣ ሠፈር፣ 1፡46
ጋሼ ልክ ናቸው፣ ግን ሴንተር ቤሪንጉንም ይየው።

የቶርኖ ቤቱ፣ 1፡48
ወንድሜ፣ እነዚህን መልስልኝ። አዲሱ ካምቢዮ ከድሮው ጋር በርዝመት እኩል ነው? የኋላ ፍላንጁ (በቡሎን የሚታሰረው ክብ ሳህን) ከሻፍቱ ፍላንጅ ጋር ያለ ሥራ ገጠመ? ሻፍቱ ሲወርድ ምልክት አድርጋችኋል? የሚንሸራተተው ጥርስ፣ የሻፍቱ አንድ ክፍል በሌላው ውስጥ የሚገባበት፣ ተላቆ ነበር?

የቦርከና ልጅ፣ 1፡57
ርዝመቱን አልለካንም። የሴንተር ቤሪንጉ ማሰሪያ ወደ ኋላ ስለሸሸ ግን ቀዳዳውን ትንሽ አስረዝመነዋል። የፍላንጁ ቀዳዳ አልገጠመም ነበር፤ መካኒኩ በትራፓኖ አሰፋው፣ አሁን አራቱም ቡሎን ጠብቋል። ምልክት አላደረግንም። ጥርሱን አዎ፣ ግሪስ ለመቀባት አላቀነዋል። ይሄ ሁሉ ከመንቀጥቀጡ ጋር ይገናኛል እንዴ?

የቶርኖ ቤቱ፣ 1፡58
ሁሉም ይገናኛል። ረጅም ስለሆነ እየጻፍኩልህ ነው፣ ጠብቀኝ።

የቦርከና ልጅ፣ 2፡05
እሺ። እስከዚያ ሻፍቱን እያወረድነው ነው። ወደ ሐረጎ መውጫው ዳገት ጀምሮ ነው የቆምነው። ረዳቴ የእጅ ፍሬኑን ስቦ አንደኛ ማርሽ አስገብቶ ከሥር ገብቷል።

ባቲ ሚሌ፣ 2፡06
አቁሙ! ልጁን አሁኑኑ አውጣው! የኤን ፒ አር የእጅ ፍሬን አብዛኛው ጎማ ላይ አይደለም፣ ከካምቢዮው ኋላ ባለችው ታምቡር (የፍሬን ከበሮ) ላይ ነው። ያን ታምቡር ከኋላ ጎማ ጋር የሚያገናኘው ራሱ ሻፍቱ ነው። ሻፍቱ የተላቀቀ ዕለት የእጅ ፍሬኑም ማርሹም ባዶ ነው፤ መኪናው ቁልቁል ይሄዳል፣ ልጁም ከሥሩ ነው። መጀመሪያ ሜዳ ላይ አቁሙ። ከዚያ ለኋላ ጎማዎች በፊትም በኋላም ታኮ፣ ለፊቶቹም ታኮ። ድንጋይ ከሆነ የማይንከባለል ጠፍጣፋ ይሁን። እባክህ መልስ ስጠኝ።

ባቲ ሚሌ፣ 2፡09
የቦርከና?

የቦርከና ልጅ፣ 2፡14
ወጥቷል፣ ወጥቷል። አንድ ቡሎን ብቻ ነበር የቀረው፤ መልሰን አሰርነው። ሜዳ ወርደን አራት ታኮ አድርገናል። አላህ ይጠብቅህ ወንድሜ፣ እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው የምጽፈው።

ባቲ ሚሌ፣ 2፡15
አልሐምዱሊላህ። አብሽር፣ አሁን ተረጋግታችሁ ሥሩ።

የቶርኖ ቤቱ፣ 2፡19
እሰይ። አሁን ወደ ሥራው። በጣም የሚያሳስበኝ የፍላንጁ ነገር ነው። ብዙ ሰው ሻፍትን መሀል ላይ የሚያቆመው ቡሎን ይመስለዋል፤ አይደለም። ፍላንጁን ገልብጠህ እየው፤ መሀሉ ላይ ከፍ ያለች ክብ ከንፈር አለች፣ በታምቡሩ በኩል ደግሞ እሷን ልክ አድርጎ የሚቀበል ጎድጓዳ አለ። መሀል የምታስይዘው ያቺ ከንፈር ናት፤ የቡሎኑ ሥራ ማጣበቅ ብቻ ነው። የቡሎኑ ቀዳዳ የማይገጥም ፍላንጅ ብዙ ጊዜ ከንፈሩም አይገጥምም። ቀዳዳ አስፍታችሁ ስታስሩት ሻፍቱ ወደ አንድ ጎን ተገፍቶ ታስሯል። አንድ ሚሊ እንኳ ከመሀል ቢወጣ ያን ሁሉ ብረት በደቂቃ 2000 ጊዜ ማወዛወዝ ነው።

ሁለተኛው ጥርሱ ነው። ሻፍቱ ባለ 16 ጥርስ ቢሆን አንድ ጥርስ መሳት 22.5 ዲግሪ ነው፤ መምህሩ ያሉት መስመር በዚያች ትፈርሳለች። በነዳጅ ጨርቅ በደንብ ጥረገውና በሁለቱም በኩል ቀስት ወይም የፑንቶ ምልክት (በመዶሻ የተመታ ነጥብ) ፈልግ፤ ትይዩ መሆን አለባቸው። ካላገኘህ የኋላውን ሻፍት ጠፍጣፋ ሲሚንቶ ላይ አስተኝተህ ከአንዱ ጫፍ በአንድ ዓይን ተመልከት። የፊቱ ዮክ ጆሮዎች አግድም ሲሆኑ የኋላውም አግድም መሆን አለባቸው።

ሦስተኛው ርዝመቱ ነው። ሁለት ቁራጭ በሆነ ሻፍት አብዛኛውን ጊዜ የፊተኛው ቁራጭ መንሸራተቻ የለውም። ካምቢዮው 3 ሳንቲም ከረዘመ ሴንተር ቤሪንጉ 3 ሳንቲም ወደ ኋላ ይገፋል፣ ቤሪንጉን የያዘው ላስቲክም ተወጥሮ ይኖራል። ስለዚህ ጢጣ ሠፈር የሚለው ቤሪንግ እውነትም ተጎድቶ ሊሆን ይችላል፤ ግን አዲስ ብታስገባ እሱም ያልቃል። ማሰሪያውን በትክክለኛ ቦታው በአዲስ ቀዳዳ ማሰር ወይም የፊቱን ቱቦ ማሳጠር ነው። ቱቦ ከተቆረጠ በሌዝ ላይ ቀጥ ብሎ ይበየድ፣ ከዚያም ባላንስ ይደረግ።

ጢጣ ሠፈር፣ 2፡23
ይሄን አላሰብኩትም ነበር። ልክ ነው።

ከሚሴ ጋራዥ፣ 2፡30
እኔ 20 ዓመት ምልክት ሳላይ ገጥሜ አንድም ሰው ተመልሶ አልመጣብኝም። የጥርሱን ነገር አታካብዱት።

የቀድሞ የአውቶ መምህር፣ 2፡36
ወንድሜ፣ አንግሉ ትንሽ ከሆነ መስመሩ ቢሳትም ሹፌሩ ላይሰማው ይችላል፤ በ30 እና በ40 የሚሄድ መኪናም ይሸፍነዋል። ክሮቼራው ግን ዕድሜው ያጥራል፤ ደንበኛህም ያረጀ መስሎት አዲስ ይገዛል እንጂ ወደ አንተ አይመለስም። ምልክት ለማድረግ አንድ የፑንቶ ምት ይበቃል። ለተማሪዎቼ በመጀመሪያው ቀን የማስተምረው ይህንን ነበር፣ ዛሬም የምለምነው እሱኑ ነው።

የቦርከና ልጅ፣ 3፡02
ሻፍቱ ወርዷል። ጥርሱን ስናጸዳው በሁለቱም በኩል ቀስት አለ። ሁለት ጥርስ ዞሯል። ሌላም አለ፤ የመሀሉን ክሮቼራ በእጄ ሳንቀሳቅሰው በአንድ አቅጣጫ ልል ነው፣ በሌላው ደንዳና ነው፣ እንደተጣበቀ ነገር። ከሳጥን የወጣ አዲስ ነው እኮ! የተበላሸ ነው የሸጡልኝ?

ወርቃማ መፍቻ፣ 3፡05
አማችህን ይመስላል፣ በአንድ በኩል ልል በአንድ በኩል ደንዳና 😄 አይዞህ፣ ይሄ ቀላል ነው፣ በኔም ደርሷል። እንዴት አስገባችሁት? በመዶሻ?

የቦርከና ልጅ፣ 3፡06
አዎ በመዶሻ። የአንዱ ሲገርም (የሚቆልፈው ቀለበት) እንቢ ብሎ ነበር፣ በግድ ነው የገባው።

ወርቃማ መፍቻ፣ 3፡15
እዚያው ላይ ነው። በመስቀሉ ጫፍ ላይ ባለው ቆብ ውስጥ ግድግዳውን ይዘው የቆሙ ቀጫጭን መርፌዎች አሉ፣ ያቆማቸው ግሪሱ ብቻ ነው። በመዶሻ ስትመታ አንዷ ትወድቅና ቆቡ ወለል ላይ ትጋደማለች። ከዚያ ቆቡ ከልኩ አያልፍም፣ ሲገሩ ጎድጎዱን አያገኝም፣ ክሮቼራው ይደነድናል። ሲገር እንቢ ካለ በግድ አይገባም፤ «መርፌ ወድቃለች» እያለህ ነው። እንዲያ ሆኖ ከሠራ ሲገሩ መንገድ ላይ ይወረወራል፣ ቆቡ ይከተላል፣ ሻፍቱ አስፋልት ላይ ነው።

አውጣውና ቆቡን ክፈት። መርፌዋ ካልተጎበጠች መልሰህ በግሪስ አቁማት፤ ከተጎበጠች ክሮቼራው አልቋል። የዮኩን ጆሮ ውስጡን ከዝገት አጽዳ፣ በጣትህ ዳስሰው፣ የመዶሻ ጠባሳ ካለ በደቃቅ ሊማ አንሳው። ከዚያ በሞርሳ ነው የሚገባው። ሁለቱን ቆቦች ከግራና ከቀኝ አስጀምር፣ መስቀሉን መሀል ላይ በእጅህ ያዝ፣ ሞርሳውን በዝግታ እያጠበቅህ መስቀሉን ወዲያና ወዲህ አንቀሳቅስ። መርፌ ስትወድቅ እጅህ ላይ ይሰማሃል፤ ያኔ ቁም። የመጨረሻውን ከቆቡ ትንሽ በሚያንስ ቡሶላ ገፍተህ ሲገሩን አስገባ። ሁሉም ገብቶ ገና ጠንከር ካለህ የዮኩን ጆሮ ከውጭ በመዶሻ መታ አድርገው፣ ቆቡ ወደ ሲገሩ ይጠጋና ይለቀዋል። የግሪሱን ኒፕል ደግሞ ፖምፓው በሚደርስበት በኩል አዙረህ ግጠም፣ ከአራቱም ቆብ ግሪስ እስኪወጣ ሙላው።

የቦርከና ልጅ፣ 3፡48
ሁለት መርፌ ተጎብጧል። አንድ ሱቅ ባለቤቱን ከቤቱ ጠርተን ሌላ ክሮቼራ አገኘን፣ በሞርሳ ገባ፣ አሁን በክብደቱ ብቻ ይወድቃል። ጥርሱን በቀስቱ መልሰናል። ፍላንጁን ታምቡሩ ላይ ስናስቀምጠው ግን በአንድ በኩል ከንፈሩ ነክቷል፣ በሌላው በኩል የመጋዝ ምላጭ ይገባል። ቶርኖ ቤቱ፣ ለነገ ብቻ እንዲህ ልሂድበት?

የቶርኖ ቤቱ፣ 3፡55
አይሆንም። ጭነት ይዘህ በደጋን ቁልቁል ስትወርድ የፊቱ ሻፍት ቢበጠስ የፍሬን ቱቦህን ይመታል፤ የእጅ ፍሬንህም ያኔ የለም። ሌሊቱን አትሂድ፣ ጭነቱን ለጓደኛህ ስጥ።

መፍትሔው እንዲህ ነው። የድሮው ካምቢዮ ታምቡርና ፍላንጅ አለህ አይደል? የውስጥ ጥርሱን ቁጠርና ከአዲሱ ጋር አስተያይ። ከገጠመ ዘይት ማኅተሙን አዲስ አድርገህ የድሮውን ፍላንጅ አዲሱ ላይ ግጠም፣ አለቀ። ካልገጠመ ለአዲሱ ካምቢዮ የሚሆነውን የሻፍት ፍላንጅ ዮክ ፈልግ። ስትገዛ የቆቡን ውፍረትና ከቆብ እስከ ቆብ ያለውን ርዝመት በካሊፐር ለካ። ልኩ ከሻፍትህ ከተለየ ሁለት ቆቡ በአንድ ልክ፣ ሁለቱ በሌላ ልክ የሆነ ክሮቼራ ይሠራል። የሰፋውን ፍላንጅ ግን ቀዳዳ ሞልቶ በየዳ እንዳታስበው።

የቦርከና ልጅ፣ 4፡10
የድሮው ፍላንጅ መካኒኩ ቤት ነው ያለው። ጠዋት ጥርሱን ቆጥሬ እጽፋለሁ። ጭነቱን ለጓደኛዬ ደውዬ ሰጥቻለሁ። ሁላችሁንም አላህ ይስጥልኝ።

ገራዶ፣ በማግስቱ ጠዋት 3፡30
የኔ ሃይሉክስ ነው። ሻፍቱን ሳወርድ ከካምቢዮው ኋላ ዘይት ፈሰሰ፣ ማኅተሙ ሞቷል ማለት ነው?

ወርቃማ መፍቻ፣ 3፡41
ዮኩ ራሱ ወደ ካምቢዮው የሚገባ ዓይነት ከሆነ ሲወጣ መፍሰሱ ልማዱ ነው፣ ቀዳዳውን የሚደፍነው እሱ ስለሆነ። የዮኩን አንገት በጥፍርህ ዳስሰው፤ ጥፍርህን የሚይዝ ጭረት ካለ አዲስ ማኅተም ብታስገባም ያፈስሳል። ስትመልስ የፈሰሰውን ዘይት ሙላ፣ ዮኩንም እስከ መጨረሻው እንዳትገፋው፤ ሁለት ሳንቲም ገደማ መጫወቻ ይቅርለት።

ባቲ ሚሌ፣ 6፡15
የቦርከና፣ የድሮው ፍላንጅ ገጠመ?