ፊልሙ ቢረሳም የማይረሳ መኪና አሁንም ይወለዳል ወይ?

አወያይ፦
ሰላም የአዳማ ቤተሰብ። ትናንት ማታ አንድ አባላችን «ከአሁን ዘመን ፊልሞች ልጆቻችን የሚያስታውሱት አንድም መኪና አይወጣም» ብሎ ጽፎ ግሩፑ ተናወጠ። ዛሬ በሥርዓት እንከራከርበት። ዓመተ ምሕረቱን ሁላችንም በፈረንጆቹ እንጻፍ፣ እንዳይምታታ። ስድብ የለም።

ጥያቄውን ያነሳው፦
አቋሜን ላስረዳ። «ጎልድፊንገር» በ1964 ሲወጣ፣ ጄምስ ቦንድ የነዳው አስቶን ማርቲን ዲቢ 5 ገበያ ከገባ ገና ዓመቱ ነበር። «ቡሊት» የ1968 ፊልም ነው፤ አረንጓዴው ፎርድ ሙስታንግም የ1968 ሞዴል ነው። ሁለቱም በጊዜያቸው አዲስ መኪና ነበሩ። ስም የሰጣቸው ፊልሙ ነው።

አሁንስ? ቦንድ በ2012ም በ2021ም ተመልሶ ያንኑ ዲቢ 5 ነው የሚነዳው። በ2011 የወጣው «ድራይቭ» ላይ የዋናው ሰውዬ መኪና የ1973 ሸቭሮሌ ማሊቡ ነው። በ2008 የወጣው «ግራን ቶሪኖ» ስሙን የወሰደው ከ1972 ፎርድ ነው። ፊልም ሠሪዎቹ ራሳቸው በዘመናቸው መኪና ካላመኑ እኔ እንዴት ልመን?

መካኒክ፣ ፍራንኮ፦
ልጁ እውነቱን ነው። ድሮ ኮፋኖ ውስጥ አጎንብሼ ሳለሁ በር ላይ የመጣውን መኪና በድምፁ አውቀው ነበር። ቮልስ ሞተሩ ከኋላ ነው፣ የሚቀዘቅዘው በአየር ነው፣ ከሩቅ ይለያል። ፔጆ 404፣ ፊያት፣ ላዳ፣ አንዱ ሌላውን አይመስልም። ዛሬ የሚመጡትን አርማቸውን ሸፍናችሁ ብታሳዩኝ ለመለየት እቸገራለሁ።

ምክንያት አለው። ነዳጅም ሆነ ባትሪ ለመቆጠብ ሁሉም አየር በቀላሉ የሚያሳልፍ ቅርጽ ይፈልጋል። አየሩ ለሁሉም አንድ ስለሆነ ቅርጹም እየተቀራረበ ሄደ። እግረኛ ቢገጭ እንዳይጎዳ ተብሎ ኮፋኖው ከፍ አለ፣ ፓራውልቱ ለሰለሰ። ሕይወት ያተርፋል፣ አልቃወምም። ግን መልኩ ያልተለየ ነገር እንዴት ይታወሳል? አገራችን ደግሞ ከ2024 ጀምሮ የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከልክላለች። ድምፁም ሊጠፋ ነው።

ቪዲዮ ኤዲተር፦
ጋሼ፣ በአክብሮት ልቃወምዎት። መልክ ብቻውን ቢበቃ ዴሎሪያን የሚባለው መኪና ድርጅት ባልከሰረ ነበር። የማይዝግ ብረት አካል፣ ወደ ላይ የሚከፈት በር፣ በመልክ ማን ይደርስበታል? ግን ሞተሩ 130 የፈረስ ጉልበት ብቻ ነበር። ሰሜን አየርላንድ ውስጥ 9 ሺህ ገደማ ተሠርቶ ድርጅቱ በ1982 ከሰረ። መኪናው የታየበት ፊልም «ባክ ቱ ዘ ፊውቸር» የወጣው በ1985 ነው። ዓለም መኪናውን የወደደው ከዚያ በኋላ ነው። ለምን? ፊልሙ ሥራ ሰጠው። በሰዓት 88 ማይል ሲሞላ ዘመን ይሻገራል። ተመልካቹ ሁሉ ዓይኑን ፍጥነት መቁጠሪያው ላይ ይተክላል። መኪናውን ከታሪኩ ብታወጡት ታሪክ የሚባል ነገር አይቀርም።

እኔ በሙያዬ የማየው ችግር ሌላ ነው። «ቡሊት» ላይ ያለው ማሳደድ አሥር ደቂቃ ያህል ይሄዳል። ማሳደዱ ሲጀመር ሙዚቃው ይቆማል። የሚሰማው ሞተርና ጎማ ነው። ካሜራው መኪናው ውስጥ ሆኖ የሳን ፍራንሲስኮን ቁልቁለት አብሮ ይወርዳል። ፊልሙ በኤዲቲንግ ኦስካር የወሰደው በከንቱ አይደለም። አሁን ብዙ ጊዜ ዓይናችን ሳያርፍ ሾቱ ይቆረጣል። ጀግናውም በአንድ ፊልም ውስጥ ሦስት አራት መኪና ይቀያይራል፣ አምራቾቹ ስለከፈሉ። ማስታወቂያ ይለመዳል እንጂ አይወደድም። ጥፋቱ የመኪናው ሳይሆን የእኛ የፊልም ሰዎች ነው።

ተማሪ፦
«ፋስት ኤንድ ፊዩሪየስ»ን እንዴት ትረሳላችሁ? 2001 ነው የወጣው። ብርቱካናማው ቶዮታ ሱፕራ በ2021 በጨረታ 550 ሺህ ዶላር ተሸጧል። ቢጫው ካማሮስ? በ2007 «ትራንስፎርመርስ» ላይ ሲታይ ገና ለሽያጭ አልቀረበም ነበር። እኔና ጓደኞቼ ቢጫ ካማሮ ስናይ «ባምብልቢ» ነው የምንለው፣ በፊልሙ መኪናው በሚለወጥበት ሮቦት ስም። የኛ ትውልድ የራሱ አለው፤ እናንተ ስላልወደዳችሁት የለም ማለት አይደለም።

ጥያቄውን ያነሳው፦
ወንድሜ፣ ሱፕራው የ1994 ሞዴል ነው፣ ፊልሙ ሲወጣ የሰባት ዓመት መኪና ነበር። ዋጋ ካነሳህ ደግሞ የ«ቡሊት» ሙስታንግ በ2020 በ3.7 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነው የሄደው። ባምብልቢን በተመለከተ፣ በ2018 በራሱ ፊልም ላይ ቮልስ ሆኖ መጣ። ያው ባምብልቢ ነበር፣ ማንም አልተቸገረም። የወደዳችሁት ሮቦቱን ነው።

ተማሪ፦
ቮልስ ሆኖ ሲመጣም ቢጫ ነበር። እኔ አልተሸነፍኩም።

የከባድ መኪና ሾፌር፣ ጅቡቲ መስመር፦
እኔ ፊልም የማየው ጋላፊ ድንበር ላይ ተራ ስጠብቅ ነው፣ ጋቢና ውስጥ፣ በስልክ። ሁለት ልጥቀስ።

አንደኛው በ2015 የወጣው «ማድ ማክስ፦ ፊውሪ ሮድ» ነው። ያቺ ከባድ መኪና ሥሯ ታትራ ነው። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሁሉም ነገር የሚሆነው እሷ ላይ ነው። ናሚቢያ በረሃ ላይ በእውነት ተነድታለች። ስትጎዳ የኔ መኪና የተጎዳች ያህል ያመኛል። እሷ ስም የላትም የሚለኝ ሰው ካለ መንገድ ላይ ውሎ አያውቅም።

ሁለተኛው የጃፓኖቹ «ድራይቭ ማይ ካር» ነው፣ 2021። ሦስት ሰዓት ይሞላል። ማሳደድ የለም፣ ጥይት የለም። አንድ ቀይ ሳብ 900 አለ። ሰውዬው የሞተች ሚስቱ የቀዳችለትን ካሴት እየሰማ ይነዳል። ሥራ ብሎ ሂሮሺማ ሲሄድ ግን ሾፌር መድበንልሃል አሉት፣ አንዲት ዝምተኛ ወጣት ሴት። መሪውን መልቀቅ አልፈለገም። እኔ ይሄን አውቀዋለሁ። መኪናህን ሌላ ሰው ሲነዳ ጎኑ መቀመጥ ከባድ ነው፤ ማርሽ ሲቀይር እግርህ አብሮ ፍሪሲዮን ይረግጣል። ቀስ በቀስ ያምናታል። ያ ሁሉ የሚሆነው መኪናው ውስጥ ነው። ሳብ ኩባንያው በ2011 ከስሯል፤ ማንም ለማስታወቂያ አልከፈለም። ፊልሙ ኦስካር ወሰደ። እኔ ያንን ቀይ ሳብ እስክሞት አልረሳውም።

ቪዲዮ ኤዲተር፦
ጋሽ ሾፌር፣ እኔ ማለት የፈለግኩትን እርስዎ በተሻለ ተናገሩት። መኪናው የሰውዬውን ሐዘን ይሸከማል። በ1964ም ይሁን በ2021 የሚያስፈልገው ይሄው ነው፤ ጊዜ ተሰጥቶት ከአንድ ሰው ሕይወት ጋር መታሰር። ወደ ራሳችን ስንመጣ ሄርሞን ኃይላይ በ2015 የሠራችው «ፕራይስ ኦፍ ላቭ» አለ። አንድ የአዲስ አበባ ባለታክሲ ታክሲው ይሰረቅበታል፣ እንጀራውም ተስፋውም አብሮ ይሄዳል። በሌሎቹ ብዙ ፊልሞቻችን ግን መኪና የሀብታም ማሳያ ነው። ልጁ ከቪ8 ይወርዳል፣ ካሜራው አርማውን ያሳየናል፣ አለቀ። ሰማያዊና ነጩ ላዳ አገር ሙሉ ያመላለሰ መኪና ሆኖ ሳለ በሚገባው ልክ መሪ ተዋናይ አላደረግነውም። ይሄ ያንገበግበኛል።

መካኒክ፣ ፍራንኮ፦
ልጄ፣ ስለ ላዳ ያልሽው ገብቶኛል። ሳብም ግን አሮጌ ነው፣ ላዳም አሮጌ ነው። በአሁኑ ኤሌክትሪክ መኪና እንዲህ ያለ ፊልም ይሠራል ብለሽ ታምኛለሽ?

ቪዲዮ ኤዲተር፦
አምናለሁ፣ ጋሼ። ዴሎሪያን ላይ 88 ቁጥር ነበር። ኤሌክትሪክ ላይ የባትሪው ከመቶ አለ። አንድ አባት የታመመ ልጁን ይዞ ማታ ከመተሐራ ወደ አዳማ ይነሳ። መብራት ጠፍቶ ስላደረ ቻርጁ አልሞላም። በሰቃ ሐይቅን ሳያልፍ ቁጥሩ መውረድ ይጀምራል። ማቀዝቀዣውን ያጠፋል፣ ሬዲዮውን ያጠፋል። ሞተሩ ድምፅ ስለሌለው የሚሰማው የልጁ ትንፋሽ ብቻ ነው። በቤንዚን መኪና ይሄን ትዕይንት በዚህ መልክ መቅረጽ አይቻልም።

ጥያቄውን ያነሳው፦
ያንን ፊልም ባየው ደስ ይለኛል፣ ከልቤ ነው። ግን «ይቻላል» እና «ተደርጓል» ይለያያሉ። እኔ የጠየቅኩት በዘመኑ አዲስ ሆኖ ስም ያወጣ መኪና ነው። እስካሁን የተጠቀሰው ወይ አሮጌ ነው፣ ወይ ሮቦት ነው፣ ወይ ለፊልሙ ተብሎ የተገጣጠመ ነው።

የከባድ መኪና ሾፌር፣ ጅቡቲ መስመር፦
ከመተሐራ የሚነሳው ሰው ወለንጪቲ ሳይደርስ ባትሪው ያልቅበት። ከዚያ እኛ ከባድ መኪናዎች እናገኘዋለን፣ ጎትተን እናስገባዋለን። እንደዚያ ነው መንገዱ ላይ የሚሆነው።