የ3 ወር ስኳሬ ጥሩ ነው ተባልኩ፤ ደብተሬ ግን ሌላ ይላል

ልብስ ሰፊዋ (ባሕር ዳር)

ሰላም ለሁላችሁ። ግሽ ዓባይ ገበያ አካባቢ ልብስ ሰፊ ነኝ። 51 ዓመቴ ነው። ስኳር ከተገኘብኝ 6 ዓመት ሆነኝ፤ ዓይነት 2 ነው። ሜትፎርሚን ጠዋትና ማታ፣ ግሊቤንክላማይድ ጠዋት አንድ እወስዳለሁ። ኢንሱሊን አልጀመርኩም።

ባለፈው ቀጠሮዬ የ3 ወሩ የስኳር ምርመራ (HbA1c የሚሉት) 7.2 ሆኖ መጣ። ሐኪሙ ካርዴን አየና «ጎበዝ፣ በዚሁ ቀጥይ» አለኝ። ከኋላዬ ብዙ ሰው ወረፋ ይጠብቃል። ደስ ብሎኝ ወጣሁ። ደብተሬን ከቦርሳዬ እንኳ አላወጣሁትም።

አሁን ሁዳዴ ገባ። እንደ ወትሮዬ እስከ 9 ሰዓት እጾማለሁ። ለፋሲካ የሚደርስ ቀሚስም ተከምሮብኛል። ለእኛ ለሰፊዎች ከዚህ የባሰ ሥራ የሚበዛበት ወቅት የለም።

ማክሰኞ ዕለት የሆነውን ልንገራችሁ። 8 ሰዓት ገደማ ነው። የአንዲት ልጅ ቀሚስ ላይ ጥበብ ላያይዝ ክር ልሰካ ብል በመርፌው ቀዳዳ አልገባ አለኝ። ጫፉን በምራቄ አረጠብኩት። ቆረጥኩት። እንደገና ሞከርኩ። ዓይኔ የደከመ መስሎኝ መነጽሬን ጠረግሁ። ለካ የሚንቀጠቀጠው እጄ ነው። ከዚያ አንገቴ ሥር ቀዝቃዛ ላብ መጣ፤ ልቤ ይደልቃል። አጠገቤ የምትሠራው ልጅ ታናግረኛለች፣ እሰማታለሁ፣ መልሱ ግን ከአፌ አልወጣ አለ። እንደምንም መለኪያውን ከመሳቢያ አውጥቼ ስኳሬን ለካሁ፤ በጣም ወርዷል። 54።

ልጅቷ ሻይ አመጣችልኝ፤ 3 ማንኪያ ስኳር ጨምሬ ጠጣሁት። ጾሜን ፈታሁ ብዬ አለቀስኩ። ከዚያ ፍርሃቱ ነው መሰለኝ ዳቦውንም፣ በሶውንም፣ እንጀራ በሽሮውንም በላሁ። ማታ 1 ሰዓት ላይ 266።

ከዚያ ወዲህ በደብተር እየያዝኩ ነው። ረቡዕ ጠዋት 146፣ 8 ሰዓት ላይ 66፣ ማታ 248። ሐሙስ 152፣ 71፣ 263። ዓርብ 139፣ 61፣ 270። ቅዳሜ 144፣ 118፣ 167። ደግሞ ሳስበው ከሁዳዴ በፊትም ረቡዕና ዓርብ ከቀትር በኋላ እንዲህ ያደርገኝ ነበር። የሥራ ድካም ነው ብዬ አልፌዋለሁ።

7.2 ጥሩ ከሆነ ይሄ 54 ከየት መጣ? ይሄን የሚያስረዳኝ ሰው እፈልጋለሁ።

ሌላው ደግሞ እባካችሁ ቁጥራችሁን ንገሩኝ። ቤት ውስጥ አላወራም፤ ልጆቼ ይደነግጣሉ። ጎረቤት ስነግራቸው «ስኳር ዛሬ የሌለበት ማን አለ» ይሉኛል። 54 ስል ምን ማለት እንደሆነ ገላው የሚያውቅ ሰው ናፈቀኝ።


ባለባጃጁ

እትዬ፣ እግዜር ይማርዎ። እኔ አውቀዋለሁ። ዓይነት 1 ነኝ። በ13 ዓመቴ ነው የተገኘብኝ፣ አሁን 27 ዓመቴ ነው። ኢንሱሊን ጠዋትና ማታ እወጋለሁ።

የእኔን ላካፍልዎ። ዛሬ ጠዋት 163፣ ከምሳ በፊት 109፣ አሁን ማታ 188። ትናንት ማታ 72 ነበር፣ ዳቦ በልቼ ተኛሁ። ሞተር ሳላስነሳ እለካለሁ፤ ከ100 በታች ከሆነ ሳልበላ አልነዳም። ይሄን ሕግ ያወጣሁት አንድ ቀን ተሳፋሪ ጭኜ መውረጃውን ሁለት ጊዜ ካለፍኩት በኋላ ነው። ሰውየው ይጮህብኛል፣ እኔ የት እንደምሄድ ጠፍቶኛል። ለካሁት 49። የሰው ነፍስ ይዤ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከረሜላ ከኪሴ፣ ስኳር በወረቀት ጠቅልዬ ከመሪው ሥር አይጠፋም።

ሰው ናፈቀኝ ስላሉት። እኛ ስኳር ያለብን አምስት ልጆች ነን፣ ክትትል ላይ ነው የተዋወቅነው። በቴሌግራም ሁልጊዜ ጠዋት እስከ 1 ሰዓት ቁጥራችንን እንልካለን። መጀመሪያ ላይ አንዱ ከፍ ያለ ቁጥር ሲልክ «ምን በልተህ ነው?» እንባባል ነበር። ከዚያ ሁላችንም መዋሸት ጀመርን። እኔ ራሴ 240ን 140 ብዬ ልኬ አውቃለሁ። ተነጋገርንና ቁጣ ይቅር አልን። የሚጠይቅ ካለ «ምን ልርዳህ?» ብሎ ነው የሚጠይቀው። አሁን እውነቱ ይጻፋል።

አንድ ጠዋት አንደኛችን ሳይልክ ቀረ። 1 ሰዓት ተኩል ሆነ። ስልኩ ይጠራል፣ አይነሳም። እናቱ ጋ ደወልን። ዓይኑ ተገልጧል፣ ግን ሰው አይለይም። ማታ ሳይክሉን ይዞ እስከ ቤዛዊት ደርሶ ነበር የተመለሰው፤ ዳገቱን ታውቁታላችሁ። መርፌውን እንደ ወትሮው ተወግቶ፣ ትንሽ በልቶ ተኛ። መዋጥ ይችል ስለነበር እናቱ ስኳር በውኃ በጥብጠው ቀስ እያሉ ሰጡት። ዳነ። ስፖርት ከሠሩ ከብዙ ሰዓት በኋላም ስኳር ሊወርድ እንደሚችል ያን ቀን ነው ሁላችንም የገባን።

ስድስተኛ ቦታ አለን፣ እትዬ።


ከፋሲሎ

እህቴ፣ አብሽ ዘፍዝፈሽ በባዶ ሆድ ጠጪ። የኔ ከ200 በታች የወረደው በሱ ነው። መድኃኒት ብቻ አይበቃም።


የዘጌዋ

እኔ ራሴ ስኳር የለብኝም። የአባቴን ደብተር የምይዘው እኔ ነኝ። 68 ዓመታቸው ነው፤ ዘጌ ነው የምንኖረው፤ ኢንሱሊን ይወጋሉ። ሁለት ነገር ልንገርሽ፣ ማን ያውቃል ይጠቅምሽ ይሆናል።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ለካኋቸው፤ 312 አለ። ደነገጥኩ። ጀልባ ጠብቀን ባሕር ዳር እንሂድ ብዬ ነጠላዬን ሁሉ ለብሼ ነበር። አባቴ «እኔ ምንም አልሆንኩም» ይላሉ። እጃቸውን ሳየው ቢጫ ነው። ማንጎ ልጠው ለልጆቹ ሲሰጡ ነበር፤ እሳቸው አንድም አልቀመሱም። እጃቸውን በሳሙና አሳጥቤ፣ በደንብ አድርቄ፣ ሌላ ጣት ወጋሁ። 141። የፍራፍሬው ጭማቂ ጣታቸው ላይ ነበር። ያንን 312 አምኜ ኢንሱሊን ጨምሬ ብወጋቸው ኖሮ የማድረው ሌላ ሌሊት ነበር። ጣት በአልኮል መጥረግ ብቻውን ሁልጊዜ እንደማያስወግደው በኋላ ነገሩኝ። ውኃና ሳሙና ነው።

ሁለተኛው የስትሪፕ፣ ደም ጠብ የምናደርግበት የመለኪያው ወረቀት፣ ነገር ነው። ውድ ነው፤ አንዳንዴ ጭራሽ ይጠፋል። ድሮ ሁልጊዜ ጠዋት ጠዋት ብቻ ነበር የምለካቸው። ጠዋቱ ሲያምር ሁሉም ያማረ ይመስለኝ ነበር። አሁን በቀን አንዱን ስትሪፕ በተራ አደርገዋለሁ፤ ዛሬ ጠዋት፣ ነገ ከምሳ በፊት፣ ከነገ ወዲያ ማታ ከመተኛታቸው በፊት። ሲያማቸው ወይም ሲያልባቸው ግን ተራ አልጠብቅም፣ ወዲያው ነው የምለካው። በሁለት ሳምንት ውስጥ የቀኑ መልክ ይታየኛል። ከቁጥሩ ጎን ደግሞ አንድ ሁለት ቃል እጽፋለሁ፤ «ቡና ለቀማ ዋሉ»፣ «ሠርግ»፣ «ጉንፋን»። ቁጥሩ ብቻውን አይናገርም።

ፍሪጅ ለሌላችሁ ደግሞ፣ እኛ ኢንሱሊኑን በእንስራ ነው የምናስቀምጠው። ትልቁ ውስጥ እርጥብ አሸዋ፣ እሱ ላይ ትንሿ፣ ብልቃጡ በፌስታል ተጠቅልሎ እሷ ውስጥ፣ ከላይ እርጥብ ጨርቅ። ጥላ ሥር ነው የሚቀመጠው። አሸዋውን ጠዋትና ማታ አርሰዋለሁ።


የክትትል ክፍል ነርስ

እናቴ፣ ጽሑፍዎን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ባሕር ዳር ውስጥ የስኳር ክትትል ክፍል እሠራለሁ። ደብተርዎ ብዙ ነገር ይዟል።

7.2 አማካይ ነው። የ2 እና የ3 ወር ስኳር በጥቅሉ እንዴት እንደነበረ ያሳያል። ወደ ማሽን ቁጥር ስንመልሰው 160 ገደማ ማለት ነው። አሁን የማክሰኞውን 54 እና 266 ደምረው ለ2 ያካፍሉት። 160 ይመጣል። እርስዎ ግን በዚያ ቀን 160 ሆነው አልዋሉም። መውጣትና መውረዱ እርስ በርሱ ተጣፍቶ ጥሩ ቁጥር ሊሰጥ ይችላል። ለዚህ ነው ደብተሩ ከካርዱ ጋር አብሮ መታየት ያለበት።

ቅዳሜን ደግሞ ልብ ብለው ይዩት። 144፣ 118፣ 167። ያው ሰው፣ ያው መድኃኒት። ቅዳሜ ግን ቁርስ በልተዋል፣ አይደል? ግሊቤንክላማይድ ቆሽትን ኢንሱሊን አውጣ እያለ ነው የሚሠራው፤ ምግብ ይኑር አይኑር አይጠይቅም። ጠዋት ወስደው እስከ 9 ሰዓት ካልበሉ ስኳሩ ይወርዳል። ሜትፎርሚን ብቻውን ቢሆን እንዲህ ማውረዱ እምብዛም ነው።

ስለዚህ ቀጠሮዎን አይጠብቁ። ነገ ይምጡ። በራስዎ መድኃኒቱን አያቁሙ፣ እየጾሙም ጠዋት አይውሰዱት። ዛሬ ማታ ክትትል ወደሚያደርጉበት ጤና ተቋም ደውለው ይጠይቁ፤ ካልሆነ ሐኪም እስኪያዩ ቁርስ በልተው ይውሰዱ። ከ70 በታች ሲሆን ያደረጉት ትክክል ነው፤ 3 ማንኪያ ስኳር በሻይ ወይም በውኃ። ከዚያ ግን 15 ደቂቃ ይታገሱና እንደገና ይለኩ። ካልወጣ ይድገሙት፤ ከወጣ መጠነኛ ምግብ ይብሉ። 266ን ያመጣው በፍርሃት የተበላው ነው፤ ሁላችንም የምናደርገው ነው። የግሊቤንክላማይድ ኃይል ረጅም ስለሆነ ያን ቀን ማታም መለካት ያስፈልጋል። ባለባጃጁ እንዳለው መዋጥ የሚችል ሰው ሲሆን ነው በአፍ የሚሰጠው። ራሱን የሳተ ሰው አፍ ውስጥ ምንም አይፈስም፤ በፍጥነት ወደ ሆስፒታል ነው።

ከፋሲሎ የጻፉት፣ አብሽ ምግብ ነው፣ ይጠጡ። ለሐኪምዎ ግን ይንገሩ፤ ከመድኃኒቱ ጋር ሆኖ ከሚገባው በላይ ሊያወርድ ይችላል። ከ200 በታች የሚለውም ገና ነው። ለብዙ ሰው በባዶ ሆድ ከ80 እስከ 130 ነው የምንፈልገው።

የጾሙን ጉዳይ ለንስሐ አባትዎ ይንገሩ። እኔ የማውቃቸው ብዙ ሕሙማን «ቤተ ክርስቲያን ታማሚን አታስገድድም» ተብለው ነው የሚመለሱት። ያቺ ሻይ መድኃኒት ነበረች። አያልቅሱባት።


ልብስ ሰፊዋ

11 ቀን ሆነኝ ሳልጽፍ። ነርሷ እህቴ፣ እግዜር ይስጥሽ። በማግስቱ ሄድኩ። ወረፋው እንደ ድሮው ነው፤ እኔ ግን ገና ሳልቀመጥ ደብተሬን ገልጬ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። የዚያን ቀኗ ሐኪም ሴት ናት። ጣቷን በ8 ሰዓቱ መስመር ላይ ይዛ ወደ ታች ወረደች፤ 54፣ 66፣ 71፣ 61። ቅዳሜ ላይ ስትደርስ ቆመችና «ቁርስ በልተሽ ነበር?» አለችኝ። ልክ አንቺ እንዳልሽው። ግሊቤንክላማይዱን በግማሽ ቀነሰችልኝ፤ ከቁርስ ጋር ካልሆነ እንዳልወስደው አስጠነቀቀችኝ። ይሄ ለእኔ የታዘዘ ነው፤ ሌላ ሰው የራሱን ሐኪም ይጠይቅ።

የንስሐ አባቴም ጋ ሄድኩ። «ከሥጋና ከወተቱ ተከልከዪ፤ ሰዓቱን ተዪው፣ መድኃኒት ላይ ነሽ» አሉኝ። የመጀመሪያው ዓርብ ቁርሱ ከጉሮሮዬ አልወርድ ብሎኝ ነበር። ጎረቤት እንዳያየኝ በሩን ዘግቼ ነው የበላሁት። በሦስተኛው ቀን ከፈትኩት።

ትናንት 131፣ 97፣ 158። ዛሬ 138፣ 104፣ 172። ማታው ግን ገና ከፍ ይላል፤ በሶውን ቀንሼ ማየት እፈልጋለሁ። የዘጌዋ፣ ከእጄ ሳሙና አይጠፋም። ትላንት ብርቱካን ልጬ ልለካ ስል ትዝ አልሽኝና ተነስቼ ታጠብኩ። አባትሽን ሳሚልኝ።

ለትልቋ ልጄም ነገርኳት። አልደነገጠችም። ማሽኑ የት እንዳለ፣ ስትሪፑ እንዴት እንደሚገባ አሳየኋት፤ በራሷ ጣት ሞከረች፤ 92። አጠገቤ ለምትሠራው ልጅም የስኳሩን ዕቃ ከክር ሳጥኑ ጎን አስቀምጬላታለሁ።

ባለባጃጁ ልጄ፣ ስድስተኛዋ እኔ ነኝ። ነገ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ቁጥሬን እልካለሁ። 1 ሰዓት ካለፈ ደውልልኝ።